የሟች የቀኝ ፒስተን አጭር የሕይወት ታሪክ

ሟች የቀኝ ፒስተን ከመንታ ወንድማቸው ከግራ ፒስተን ጋር በአንድ ቀን በጃፓን አገር ተወለዱ። የተወለዱበት ፋብሪካ ስም እንዳይነሳ ቤተሰቡ ጠይቋል፤ ጥፋቱም የፋብሪካው አይደለም። ለሥራ እንደደረሱ በአንድ ጄት ስኪ ሆድ ውስጥ ተቀጥረው ወደ ዱባይ ተሻገሩ፤ እዚያም በጨው ውሃ ላይ ሲደክሙ ኖሩ። በኋላ በኮንቴይነር አገር ቤት ገቡ። አራት ጓደኛሞች አዋጥተን ገዛናቸውና ላንጋኖ ወረዱ። በስንት ዓመታቸው እንዳረፉ በትክክል መናገር አይቻልም፤ ሻጩ ስለ ዕድሜያቸው የነገረንን ያኔም አላመንነውም።

ሟች ታታሪ ነበሩ። እሑድ እሑድ ያንን ቡናማ ውሃ ሰንጥቀው ሲወጡ ዳር ቆሞ የማያፏጭ ልጅ አልነበረም። ሞተራቸው ቱ ስትሮክ ስለሆነ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ተቀላቅሎ ሲቀርብላቸው ሳያማርሩ ይጠጡ ነበር። ጭሳቸውና ጩኸታቸው ግን… ተዉት፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።

ያረፉት በድንገት ነው ተባለ። ያልኩትም እኔ ነኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ “ትናንት እኮ ደህና ነበሩ” እያልኩ ከንፈር አስመጠጥኩ። በሙሉ ፍጥነት እየሄድን ሳለ አንዴ አቃሰቱ፣ ጉልበት ከዳቸው፣ ሐይቁ መሃል ጸጥ አሉ። በጀልባ አስጎተትናቸው፣ ያውም ቀስ ብለን። ጄት ስኪ ሞተሩ ጠፍቶ በፍጥነት ከተጎተተ ውሃ በማቀዝቀዣው ቱቦ ገብቶ ሞተሩን ሊሞላው ይችላል። አስከሬን ማስጠም ነበር የቀረን።

ዳር ስንደርስ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሞተሪኖው ዞረ፤ እንዲያውም ከወትሮው ቀልጠፍ ብሎ። ደህና ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው ይታገላል፤ የታመቀው አየር ይገፋዋል። ይሄኛው እህል እንዳልገባበት ወፍጮ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እኔ ደግሞ “ባትሪው ጎበዝ ነው” ብዬ ደስ አለኝ።

መካኒኩ ከዝዋይ መጡ፤ የሞተር ሳይክል ሰው ናቸው። ሁለቱን ካንዴላ ፈተው መዳፋቸው ላይ ጎን ለጎን አጋደሟቸው። የግራው የቆላ ቡና መልክ አለው። የቀኙ አመድ የመሰለ ነጭ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ደቃቅ ነገሮች ያብረቀርቃሉ።

“ይሄ ምን ይመስልሃል?”

“ጨው?” አልኩ፣ ዱባይን አስቤ።

“ፒስተንህ ነው” አሉኝ።

ከዚያ የግፊት መለኪያቸውን በካንዴላው ቀዳዳ አሰሩ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አስያዙኝና መርፌው መውጣት እስኪያቆም ሞተሪኖውን አዞሩ። ግራ 120 ፒ.ኤስ.አይ፣ ቀኝ 55። መመሪያው 150 ስለሚል የግራውም አበቃለት ብዬ ልጮህ ነበር። መካኒኩ ሳቁ። 150 ለባሕር ጠረፍ ነው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩ ከጠረፉ በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሲሊንደሩም የሚያምቀው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። “120 እዚህ ጤና ነው። አንተ የሁለቱን ልዩነት እይ። ከአሥር በመቶ ካለፈ ድንኳን ጣል።”

ከመካከላችን አንዱ “እንግዲያው የገደላቸው ከፍታው ነዋ!” ብሎ ጥፋቱን በስምጥ ሸለቆ ሊያላክክ ሞከረ። አልተሳካለትም። ለጠረፍ የተቃኘ ካርቡሬተር የሳሳ አየር ሲያገኝ ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ሞተሩን ያደክማል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። የእኛ ካንዴላ ግን ነጭ ነው።

መካኒኩ ለሕመምተኛ እንደሚቀባ ቅባት አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው አንጠባጠቡ። 55ቷ 60 ሆነች። ያረጀ ፋሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖላት ትዘል ነበር። የጭስ ማውጫውን ፈተው በባትሪ መብራት ሟችን አሳዩኝ፤ ጎናቸው ከላይ እስከ ታች ተጭሯል፣ የቀለጠ አሉሚኒየም ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እንደ ቅቤ ተለጥፏል፣ ፋሻቸውም ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ዘይት መቀላቀል ረስተን ቢሆን ሁለቱም መንታዎች ይሄዱ ነበር፤ የሚጠጡት ካንድ ጋን ነው። ማቀዝቀዣውን ደለል ደፍኖትም አይደለም፤ ከጎን የምትወጣው ቀጭን ውሃ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ስትፈስ አይተናል። አንዱ ብቻ ከሞተ፣ የገደለው የእሱ ብቻ የሆነ ነገር ነው። ካርቡሬተራቸው ደግሞ ለየብቻ ነው።

“ቾክ ስትስቡለት ይሻለው ነበር?” አሉ መካኒኩ።

አራታችንም መሬት መሬት አየን። ሦስት እሑድ ሙሉ ቾኩን በከፊል ስበን ነበር የምንነዳቸው። አመላቸው ነው ብለን። ቾክ ሲሳብለት የሚሻለው ሞተር ቤንዚን የራበው ነው። በቱ ስትሮክ ደግሞ ቤንዚን ሲጎድል ዘይቱም አብሮ ይጎድላል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ሟች ሦስት ሳምንት “ራበኝ” ሲሉን ኖረዋል ማለት ነው። እኛም ክረምቱን በሙሉ አሮጌ ቤንዚን በሆዳቸው ትተን፣ ወደ ሙጫ የተለወጠውን ይዘን መስከረም ላይ ለሽርሽር ወጣን።

ሟች ከመንታ ወንድማቸው በቀር ዘመድ የላቸውም። ሲሊንደሩ ይሞረዳል፤ ምትክ ፒስተን ከነፋሻው ታዟል። መካኒኩ ግን ካርቡሬተሩ ሳይከፈት አዲስ ሰው አላስገባም ብለው ፈቱት። ከውስጡ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ወንፊት አወጡ፤ ቢጫ ሙጫ አልብሷታል። ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፏት። ሲጋራቸውን ራቅ ብለው አጭሰው ተመለሱ። አንስተው አንዴ እፍ አሏትና ወደ ፀሐይ አቀኗት። አሳለፈች።