ነጠላን የሚያርገበግበው ነፋስ፦ በላስታ ክሊፖች ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

በላሊበላና በዙሪያዋ የተቀረጹ የሙዚቃ ክሊፖችን ደጋግመን፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ሳንወድ በግዳችን ተመልክተናል። ቀዳሚው ግኝታችን ነፋስን ይመለከታል። የላስታ ነፋስ የሚነሳው ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ነው፤ ነጠላውን ብቻ መርጦ ያርገበግባል፣ ከኋላ ያለውን ባሕር ዛፍ ግን ቅጠሉን አይነካም። ፍጥነቱም ከተፈጥሮ ነፋስ በግማሽ ያንሳል። ባለሙያዎቹ ስሎው ሞሽን ይሉታል።

ክሊፑ ሁልጊዜ የሚከፈተው በድሮን፣ ከቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ በላይ ነው። 12 ሜትር ያህል ወደ ምድር የጠለቀውን ይህን ሕንፃ ከሰማይ ቁልቁል ማየት ለዘመናት የአሞራና፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ሌሊት ሌሊት በጠረባው ያግዙ የነበሩ መላእክት ዕድል ነበር። አሁን የፍቅር ዘፈን ሁሉ መግቢያ ሆኗል። እግረ መንገዳችንን፦ 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ከዐለቱ የማያስፈልገውን ቆርጦ በመጣል ነው። የኤዲተርም ሙያ ይኸው ነው ይባላል። የኛ ኤዲተር ቆርጦ የጣለው ነገር ግን እስካሁን አልተገኘም።

ወደ መልክዓ ምድሩ ስንመጣ፣ ላሊበላ ላይ ጀርባውን የሰጠ ዘፋኝ ዞር ሲል ጣና ዳር ነው። ልጅቷ እንስራዋን አዝላ እንጦጦ ላይ ሆና ቁልቁል ታያለች፤ እሱ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ሽቅብ ያያል፤ ተያዩ። ሩሲያዊው የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የአንድን ሰው ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያፈራረቀ ቢቀጥል፣ ተመልካቹ ባልተለወጠው ፊት ላይ ረሃብ፣ ሐዘንና ፍቅር አነበበ። እንስራ ጨምሮበት ቢሆን ወሎን ባገኘ ነበር።

የላስታ ተራራ ክረምቱ ከወጣ ወራት በኋላ ቡኒ ነው፤ በክሊፕ ግን አረንጓዴነቱ ዓመት ይዘልቃል። ነሐሴ አጋማሽ ለአሸንድዬ በዓል ወገብ ላይ የሚታሰረው ሣርም የካቲት ላይ ሳይጠወልግ ይታያል።

ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እንግዳ ሁሉ ዳገቱ ላይ ያለከልካል። ዘፋኙ ግን በነጭ ጫማ እስክስታ እየወረደ ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹ አይቆራረጥም፤ ድምፁ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ቀርቶ ወደ ላስታ የመጣው ከንፈሩ ብቻ ነውና። ገበሬውም፣ እረኛውም፣ ተወዛዋዦቹም አዝማቹን በአፋቸው ይከተላሉ። በስተኋላ ጭድ የተጫነች አህያ ታልፋለች። አፏን ከዘፈኑ ጋር ለማስማማት ያልሞከረችው እሷ ብቻ ናት።