አፉን አፍነህ «ተናገር» አትበለው

«ይኼ ላፕቶፕ ፊልም ሳይበት ድምፁ አይሰማም» ትላለህ። አንተስ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ስታማርር ማን ሰማህ?

እስቲ ገልብጠህ እየው። የአብዛኛው ላፕቶፕ ስፒከር ከሆዱ ሥር ነው፤ በግራና በቀኝ የተደረደሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አፎቹ ናቸው። ድምፁ በዚያ ወጥቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጥሮ ነው ጆሮህ የሚደርሰው። አንተ ደግሞ ፍራሽ ላይ በደረቱ አስተኝተኸው «ጮክ በል» ትለዋለህ። ታፍኖ የሚጮህ የት አየህ? ጠረጴዛ ላይ አውጣውና ከኋላው መጽሐፍ ሸጎጥ አድርግበት፣ ብድግ ይበል። መጽሐፉም ቤትህ ከገባ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኛል።

«ጠረጴዛ የለኝማ!» ትሪ አለህ? ትሪም ከሌለህ ችግርህ የድምፅ አይደለም።

ቀዳዳዎቹንም ተመልከታቸው። የቆሎ ገለባ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ከዓምናው የተረፈ አቧራ። ምስኪኑ ላፕቶፕ ጎርሶ እያወራ ነው! በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርግለት። በመርፌ አልወጣኝም። መርፌ ይዘህ ከገባህ ስስ የሆነውን የስፒከር ቆዳ ትበሳውና፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ጩኸት የራስህ ይሆናል።

«ኧረ 100 አድርሼዋለሁ!» የቱን 100? ዊንዶውስ የራሱ አለው፣ ማጫወቻው የራሱ አለው፣ ብሮውዘር ላይ ከሆንክ ቪዲዮውም የራሱ አለው። አንዱ 100 ላይ ቆሞ ሌላው 40 ላይ ተኝቶ ይሆናል። ቮሊዩም ሚክሰርን ከፍተህ አንድ በአንድ ቀስቅሳቸው። ዊንዶውስ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው፤ በኮምፒውተሩ ስልክ ስታወራ የሌላውን ሁሉ ድምፅ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው። የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ኮሚዩኒኬሽንስ» የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ ገብተህ «ዱ ናቲንግ» የሚለውን ምረጥ። ምንም አለማድረግ መቼም ላንተ አይከብድህም።

«ታዲያ ለምንድን ነው ዩቲዩብ ላይ ዘፈን ስከፍት ሰፈሩን የሚያናውጠው?» አሁን ገና ሰው ጠየቀ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም የሚቀናበረው ለሲኒማ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ዋና ስፒከር እስከ 105 ዴሲቤል እንዲያጓራ ተደርጎ ይለካል፤ እዚያ የሚደርሰው ግን ሕንፃ ሲናድ ነው። ሰው ሲያወራ ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል። ኔትፍሊክስ ራሱ ፊልም ሲረከብ ንግግሩ በአማካይ ከድምፁ ጣሪያ በ27 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያዛል። ዩቲዩብ ደግሞ ዘፈኑን ከጣሪያው በ14 ገደማ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያጫውትልህ። የ13 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ለጆሮ ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕህ ያው ላፕቶፕ ነው፤ ዘፈኑ ጣሪያው አጠገብ ቆሞ ሲጮህ፣ የፊልሙ ተዋናይ ምድር ቤት ሆኖ ያንሾካሹካል።

በዚያ ላይ ፊልሙ 5.1 ከሆነ ድምፁ ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ ነው። ንግግሩ በአብዛኛው ከመሃለኛው ይመጣል። አንተ ያለህ ሁለት፣ እነሱም የጥፍር ታህል። ስድስቱ ሁለቱ ውስጥ ሲታጨቁ ንግግሩ ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር ይጋፋል። ለዚህ ነው ፍቅረኛሞቹ ሲያወሩ ድምፁን ጨምረህ፣ መኪናው ሲፈነዳ ለመቀነስ የምትንደረደረው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የዳይሬክተሩ ነው። ክሪስቶፈር ኖላን በ2014 እ.ኤ.አ. «ኢንተርስቴላር»ን ሲያወጣ ተመልካቹ «ንግግሩ አልሰማ አለን» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ሆን ብዬ ነው አለ! ቲኬት ቆርጦ አዳራሽ የገባው ሰው ያልሰማውን፣ አንተ በፍላሽ አስጭነህ የመጣኸው ትሰማ ኖሯል?

መድኃኒቱ ትልቁን ዝቅ፣ ትንሹን ከፍ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ላይ የስፒከሩን ፕሮፐርቲስ ክፈትና «ኢንሃንስመንትስ» ውስጥ «ላውድነስ ኢኳላይዜሽን»ን ፈልግ። በአንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ የለም፤ ካለ ምልክት አድርግበት። ሹክሹክታው ብቅ ይላል፣ ፍንዳታው አደብ ይገዛል። ማጫወቻህ ቪኤልሲ ከሆነ ኢፌክቶቹ ውስጥ «ኮምፕረሰር» የሚባል አለልህ፤ ሥራው ያው ነው። ፋይሉ ከ5.1 ሌላ ስቴሪዮ ድምፅ ካለውም ከኦዲዮ ትራኩ ላይ እሱን ምረጥ።

ቪኤልሲ ድምፁን እስከ 125 በመቶ ይወስድልሃል፣ ያውም በነፃ። ነገሩ በ1996 እ.ኤ.አ. ኤኮል ሳንትራል ፓሪስ በሚባል የፈረንሳይ ተቋም የሚማሩ ልጆች የጀመሩት ነው። እነሱ ተማሪ ሆነው ማጫወቻ ሠሩ፤ አንተ ምን እንደምትሠራ ፍራሽህ ይመስክር። ብቻ 125 ሲባል ስፒከሩ አደገ ማለት አይደለም። ድምፁ ጣሪያውን ሲነካ ጫፉ ይቆረጥና «ጭርርር» ይላል። ጭርርር ካለ መልሰው።

«ድምፅ የሚያሳድግ ፕሮግራም ላውርድ?» አውርድ፣ ቫይረሱ እንኳ ጮክ ብሎ እንዲገባ! ቁጥሩን ልንገርህ። የላፕቶፕ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 2 ዋት ገደማ ነው። ለጆሮህ እጥፍ ጮኸ እንዲመስልህ አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል፤ 20 ዋት መሆኑ ነው። ይኼን የትኛውም ፕሮግራም ከየትም አያመጣውም፤ ጉልበት አይወርድም፣ ይገዛል።

ስለዚህ ግዛ። በገመድ የሚሰካ፣ ጃክ ያለው ተራ ስፒከር ላፕቶፑን ያስከነዳዋል። ብሉቱዝ ካማረህም ይሁን፤ ብቻ አንዳንዱ ይዘገያል፣ ተዋናዩ ተናግሮ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይደርሳል። ያኔ ቪኤልሲ ላይ «ጄ»ን ጠቅ ጠቅ አድርግ፤ በእያንዳንዱ ጠቅታ ድምፁ በ50 ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል።

ስፒከሩን በገዛህ ማግስት ደግሞ የምታከራይህ እትዬ በር ታንኳኳለች። «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ገደለው ወይስ አልገደለውም? ቁርጡን ንገረንና እንተኛ!» ለዚህ መልስ የለህም፣ እኔም የለኝም።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበውማ 20 ዋትም አያድንህም። ያን ጊዜና ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ኢርፎን ሰካ። እሱንም ቢሆን በልክ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ላፕቶፑን ትቀይረዋለህ፣ ለጆሮህ ግን መለዋወጫ መርካቶም አይገኝለትም።