62 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን

እናቱን አስታማሚ ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግነኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናዬን እቀበላለሁ፤ አሰባበሩን መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ።

እማዬን ሽንት ያመልጣት የጀመረ ሰሞን መጀመሪያ ያደረግሁት የውሃውን ጆግ መደበቅ ነው። ካልገባ አይወጣም፤ ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ግን አላጓደልኩባትም፤ ነውር ነዋ! ለካስ ቡና ፊኛን ይቀሰቅሳል። ውሃ ሲያንስ ደግሞ ሽንቱ እየጠነከረ ፊኛን ያስቆጣል፣ ሆድም ይደርቅና ከጎን ይጫነዋል። የሚያጣድፋትን እየቀዳሁ የሚረዳትን ደብቄ ኖሯል።

ሶፋውን ላስቲክ አለበስኩት። እንግዳ አፍንጫውን ሲነፋ ካየሁ «ድመቷ አስቸግራን» እላለሁ። ድመት የለንም።

ፋርማሲ ሄጄ ዳይፐር ስጠይቅ ድምፄ እንደ ሌባ ዝቅ አለ።

«ለልጅ ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«62።»

«እግዜር ያሳድግልህ» አለኝ ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ።

ጤና ጣቢያ የወሰድኳት ዳይፐሩ ሲወደድብኝ ነው። «እርጅና ነው መቼም» ብዬ ስጀምር ሲስተሯ አቋረጠችኝ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይመርመሩ አለች። ሲያስሉና ሲስቁ ጠብ የሚለው ሌላ፣ ድንገት አጣድፎ መንገድ ላይ የሚቀድመው ሌላ። ቆዳዋ እንዳይቆስል ቶሎ ቶሎ ቀይርላት፤ «መጣብኝ» እስክትል አትጠብቅ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ራስህ ሽንት ቤት አድርሳት። ፊኛን ከሥር የሚደግፈው ጡንቻ በወሊድ ይላላል፤ ማጠንከሪያው ቋጠር፣ ለቀቅ ማድረግ ነው፤ አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው።

«ስንት ወልደዋል?»

«ሰባት» አለች እማዬ። ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ በድመት ማሳበቡ ግን ቀሎኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ ጎረቤቶች ለቡና ተሰብስበው ሳለ እማዬ «ሽንት እያመለጠኝ ስፖርት ታዘዘልኝ» ብላ አረፈችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። የሰማት ግን አልደነገጠም። አንዷ «እኔስ ባስነጠስኩ ቁጥር አይደል!» አሉ። ሌላዋ ውጭ ውለው ሲገቡ የበራቸውን ቁልፍ ሲያዞሩ ነው የሚመጣባቸው። ወዲያው እማዬ አሰልጣኝ ሆነች፤ ቋጠር፣ ለቀቅ እያለች ታስቆጥራቸው ጀመር። እኔም ለፊኛቸው አስቤ «ቶናው ይቅርባችሁ» ብል፣ ባንድ አፍ ሰደቡኝ።