ድሮማ ኩራዝ ነበረልን

እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ ስሙኝማ! ዘንድሮ ደራሲ ያልሆነ ማን ቀረ? ጸጉር አስተካካዬ ደርሷል፤ የሰፈራችን ደላላ ሳይቀር «ክፍል ሁለት በቅርብ ቀን» ይላል። ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ያስመርቃሉ፣ ኬክ ይቆርሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ መጽሐፉን የሚገልጠው ግን የለም። የፊደል ግድፈቱንማ ተዉት!

ድሮ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረ፤ የመንግሥት፣ ወግ ያለው። ረቂቅህን በብብትህ ሸጉጠህ ትሄዳለህ፣ ታስረክባለህ፣ ትጠብቃለህ፣ አሁንም ትጠብቃለህ። ገምጋሚው ያነበዋል፣ አርታኢው ያነበዋል፣ ሳንሱሩ ደግሞ መስመር በመስመር ይበረብረዋል። ዛሬ ሚስቱ እንኳ የማታነብለት ደራሲ ሞልቶ፣ ያኔ ገና ሳይታተም ስንት አንባቢ ነበረው!

ደራሲው በዓሉ ግርማን ውሰዱ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ያሳተመለት ይኸው ኩራዝ ነው። የመንግሥትን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጉድ ዘረገፈውና፣ መንግሥት ያሳተመውን መንግሥት ራሱ ከየመደብሩ ለቀመው። መጽሐፍ እንዲህ ይከበር ነበር! ዛሬ ማን ይለቅመዋል? አስፋልት ዳር ተዘርግቶ አቧራ ይጠጣል። በዓሉማ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ... እሱን ተዉት፣ ሆዴን አታባቡት።

እኔም አንዷን ቅጂ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አልብሼ ከጤፍ ከረጢት ሥር ደብቄ አቆይቻት ነበር። ከጓደኛዬ ተውሼ ያስቀረኋት ናት። ኋላ አንድ ከሃዲ ተውሶ አስቀራት። የሰው ንብረት እንዴት ይወሰዳል? ሰው ተበላሸ!

የአሁን ልጆች ደግሞ መጽሐፍ በጆሮ ነው የሚሰሙት። በጆሮ ይነበባል እንዴ? ስንፍና! ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈራችን ካዛንቺስ ጭር ይል ነበር፤ ወጥ ያርር ነበር። ንባብ ማለት ያ ነው።

ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ተነሣች። አርባ ዓመት የረገምኩት ያ ጭቃ፣ ያ የጣሪያ ፍሳሽ፣ ዛሬ የት ይገኛል? መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይጋጭ ያልፋል፤ ይኼ ምን ሰፈር ነው?

ቅድም የልጅ ልጄ «አባባ፣ ኦሮማይ እኮ ቴሌግራም ላይ አለ» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። የደራሲን ላብ በነጻ? ሌቦች! ብዬ ጮህኩበት። ፊደሉን አጉልቶልኝ ሹልክ አለ። ይኸው አሁን ነገሩ ሲጥም ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ ቻርጀሩንም ይዞት ሄዷል፣ የዘንድሮ ልጅ!