ራስን አሳንሶ ለማየት ስድስት አስተማማኝ ምክሮች

ይህ የፌዝ ምክር ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ምክሮች የተከተለ ሰው ራሱንም ሰውንም አሳንሶ ማየት ይለምዳል። የጻፍሁት ግን ለቀልድ አይደለም። በቦንጋ ከተማም ሆነ በመላው ካፋ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣቱ፣ እነዚህን ምክሮች ማንም ሳይመክረው ሲፈጽማቸው ስለማይ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምክር ሥር እውነቱን አብሬ አስቀምጫለሁ።

አስቀድሞ ስለ መስታወት ጥቂት እንበል። ከኋላው ብር የተለበጠው መስታወት ዕድሜው ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላም። ዘዴውን ያገኘው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1835። ከዚያ በፊት ጥርት ያለ መስታወት የባለጸጋ ዕቃ ነበር። ድሃው ፊቱን ያይ የነበረው በረጋ ውኃ ነው፤ ምን እንደሚመስል የሚያውቀውም ከእናቱ፣ ከጎረቤቱና ከባልንጀራው አፍ ነው። እንግዲህ መስታወታችን ሁለት ነው፤ አንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ሌላው የሰው ዓይን። የሰው ዓይን በዕድሜም ይቀድማል፣ በጉልበትም ይበልጣል።

አንደኛ ምክር፦ መስታወት አይዋሽም ብለው ይመኑ

ጠዋት ተነሥተው መስታወት ፊት ይቁሙ። ያዩትን ሁሉ ያለ ጥያቄ ይቀበሉ። አንዲት ብጉር ካገኙ የቀኑን ሥራ በእርሷ ይጀምሩ።

እውነቱን ለማወቅ የቦንጋ ክረምት ጥሩ አስተማሪ ነው። በብርዳማ ማለዳ በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ መስታወቱ እንፋሎት ይለብሳል። አንድ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ መስታወቱ ላይ የሚታየውን የፊትዎን ዙሪያ በጣትዎ ያስምሩ። ከዚያ ያሰመሩትን በገመድ ይለኩት፤ ቀጥሎም የራስዎን ፊት ይለኩ። መስመሩ የፊትዎ ግማሽ ብቻ ሆኖ ያገኙታል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉም ለውጥ የለም፤ ያው ግማሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምስልዎ ከመስታወቱ በስተጀርባ የሚታየው እርስዎ ከፊቱ የራቁትን ያህል ርቆ ነው፤ ስለዚህ መስታወቱ ምንጊዜም በእርስዎና በምስልዎ መካከል፣ ልክ እኩሌታው ላይ ይውላል። ይህን ሁሉ ዓመት በየቀኑ ሲያዩት የኖሩት ነገር የፊትዎን ግማሽ እንደሚያህል ልብ ብለውት ያውቃሉ?

በዚያ ላይ ምስሉ ግራ ቀኙ የተገለበጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለሴቶች የገዛ ፎቶግራፋቸውን በሁለት መልኩ አሳይቷቸው ነበር፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ተገልብጦ። አብዛኞቹ የመረጡት የተገለበጠውን፣ ማለትም በመስታወት የለመዱትን ነው። ወዳጆቻቸው ደግሞ ያልተገለበጠውን መረጡ። ሁሉም የለመደውን ወደደ። ፎቶ ተነሥተው «ይሄ እኔን አይመስልም» ሲሉ ሌላው ሰው «ቁርጥ አንተን» ቢልዎት እንግዲህ አይግረምዎት።

ሁለተኛ ምክር፦ ስልክዎን ፊትዎ ላይ ደቅነው ይፈረዱ

የስልክዎን የፊት ካሜራ ይክፈቱ። እጅዎን ሳይዘረጉ፣ ስልኩን ቀረብ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ከዚያ አፍንጫዎን ይመርምሩና ይዘኑ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን ልዩነት አስልተው አሳትመዋል። ካሜራው ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲርቅ፣ አፍንጫ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣ ፎቶ ይልቅ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ጥፋቱ የርቀቱ ነው፤ ለካሜራው ቀርቦ ያለ ነገር ሁሉ ይተልቃል። ስሌቱን ለመሥራት ያነሣሣቸውም በስልክ ፎቶ አፍንጫቸውን አይተው ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁ ሰዎች መብዛታቸው ነው።

በእኛ ዘንድ ቀዶ ሕክምናው ባይኖርም ቆዳ የሚያቀላ ክሬም አለ። ስልኩ በራሱ ፊት ያለሰልሳል፣ ያነጣል፤ ልጅቷ ያንን አይታ የገዛ ፊቷን መጥላት ትጀምራለች፤ ከዚያ ሱቅ ትሄዳለች። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ እንዳለባቸው፣ ሜርኩሪም ኩላሊት እንደሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አስጠንቅቋል። በሐሰተኛ ምስል ምክንያት በእውነተኛ ኩላሊት መክፈል ያሳዝናል። እህት፣ ጓደኛ ወይም እናት የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ሊል አይገባም።

ሦስተኛ ምክር፦ ከተማው ሁሉ እርስዎን እያየ ነው ብለው ይውጡ

ጫማዎ ጭቃ ከነካው ገበያው በሙሉ እንዳየው ያስቡ። ሁለት ሰዎች ሲስቁ ካዩ በእርስዎ ነው ይበሉ። ይህን እያሰቡ ከስብሰባ፣ ከሰርግና ከክፍል ይቅሩ።

በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። ለባሾቹ በክፍሉ ካለው ሰው ግማሹ ያህል ሥዕሉን ልብ ያለው መሰላቸው። ሲጠየቅ ግን ልብ ያለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ቦንጋ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ ጭቃው የሁሉንም ጫማ ይነካል፤ ሁሉም የሚያስበው ስለራሱ ጫማ ነው። ይህን የተረዳ ወጣት ክፍል ውስጥ እጁን ለማንሣት አይፈራም።

አራተኛ ምክር፦ ልጅዎን በሰው ልጅ ይለኩት

ልጁ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ «የእገሌ ልጅ ስንት አመጣ?» ብለው ይጠይቁ። መልኩንም በእንግዳ ፊት ከወንድሙ ጋር ያወዳድሩ። መልሶ መላልሶ እስኪሰማው አይታክቱ።

ሕፃን በመስታወት ያለው ፊት የራሱ መሆኑን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜው ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1967 እንደጻፈው፣ ከዚያ በፊት የሕፃኑ መስታወት የእናቱ ፊት ነው። እናቱ ስታየው ፊቷ ከበራ፣ ልጁ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር መሆኑን ይማራል። ፊቷ ሁልጊዜ ከጨፈገገ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል። ይህ እናትን ለመውቀስ የተባለ አይደለም፤ ማገዶ ተሸክማ፣ እንሰት ፍቃ፣ ደክማ የገባች እናት ፊት እንዲበራ ከጎኗ አባት፣ አያትና ጎረቤት ያስፈልጋሉ። ልጅን ማየት የቤቱ ሁሉ ሥራ ነው።

አምስተኛ ምክር፦ ማን እንደሆኑ እንግዳ መጥቶ እስኪነግርዎት ይጠብቁ

ስለ አገርዎ ሲጠየቁ ከውጭ የተጻፈውን ብቻ ይድገሙ። አያትዎ የሚያውቁትን አይጠይቁ። ውጭ አገር ያልተወራ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም ብለው ይደምድሙ።

የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተማረኩ በኋላ ስለ ካፋ በሰፊው የጻፉት አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ዩሊየስ ቢበር በሁለት ቅጽ ያሳተመው ሥራ ከእነርሱ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊነበብ ይገባዋል፤ ነገር ግን ካፋን በእንግዳ ዓይን ነው የሚያሳየው። የቡናም ነገር እንዲሁ ነው። ፍየሎቹ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ ያየው እረኛ ታሪክ በጽሑፍ ቀድሞ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ከታተመ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ታሪኩን ያደረገው የመን ነው። ለእኛ ግን ማስረጃችን ደኑ ራሱ ነው። የአረቢካ ቡና የተፈጥሮ መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ደኑ ግን የተጠበቀው ከምዝገባው በፊት ነው፤ ጫካውን ሳይጨፈጭፉ ከሥሩ ቡናና ኮረሪማ የለቀሙ፣ በዛፉ ላይ ቀፎ የሰቀሉ ሰዎች ጠብቀውታል። ልጆቻቸው የእነዚህ ሰዎች ልጅ መሆናቸውን ከእንግዳ አፍ መስማት የለባቸውም።

ስድስተኛ ምክር፦ ለጎረቤትዎ የተለየ ስኒ ያስቀምጡ

ሰው ራሱን እንዲንቅ ከፈለጉ ስድብ አያስፈልግዎትም። ቡና ሲፈላ አይጥሩት። ቢመጣ ደጅ ያስቀምጡት፤ በተለየ ዕቃ ይስጡት። ልጆችዎ ይህን ይዩ፤ ልጆቹም ይዩ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ባይኖሩም ሥራው ይቀጥላል።

ይህ በካፋ የሆነ ነገር ነው። የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ቋንቋቸው ካፊኖኖ ነው፤ አገራቸው ካፋ ነው። አባቶቻቸው አዳኞች ነበሩ፤ በኋላም ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል ለገበያ በማቅረብ ኖረዋል። ቦንጋ ምሳዋን ያበሰለችው በእነርሱ ሸክም ነው። ሌላው ሰው ግን «ርኩስ ሥጋ ይበላሉ» በሚል ሰበብ አብሯቸው ከማዕድ አይቀርብም፣ ቤታቸው አይገባም፣ አይጋባቸውም ነበር። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2001 ያዘጋጁት መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች ይህን መሰል ታሪክ ከየአካባቢው ሰብስቧል፤ ካፋም አለችበት። እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የመሬት አዋጅ መጣ፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ብዙ ነገርም ተሻሽሏል። መገለሉ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ጓዳ ውስጥ ያለውን ስኒ የሚለውጥ አዋጅ የለም።

ረከቦት ላይ የተደረደሩትን ስኒዎች ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ትንንሽ፣ እጀታ የሌላቸው፣ በጣት ጫፍ የሚያዙ። ቡናው ከአንድ ጀበና ይቀዳል፤ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ለሁሉም በእኩል ይዞራል። ከእነዚህ መካከል አንድ ሰው ብቻ ጫፉ የተሸረፈ፣ ለብቻው ታጥቦ ለብቻው የሚቀመጥ ዕቃ ሲሰጠው፣ በዚያ ዕቃ የሚያየው ራሱን ነው። «አንተ ይህን ታህላለህ» ተብሏል። አጠገቡ የተቀመጠችው ትንሽ ልጁም ሰምታለች።

ይህ ስሜት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሥራ ላይም ይታያል። ካርላ ሆፍና ፕሪያንካ ፓንዴ የተባሉ ተመራማሪዎች በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ክፍለ አገር ለትምህርት ቤት ልጆች የእንቆቅልሽ መንገድ የማግኘት ፈተና ሰጡ። ወገናቸው ሳይነገር ሲቀር ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ልጆች ከሌሎቹ እኩል ሠሩ። ከፈተናው በፊት የየልጁ ወገን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን የእነዚሁ ልጆች ውጤት በአንድ አምስተኛ ያህል ወረደ። አእምሯቸው በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ የተለወጠው እንዴት እየታዩ እንደሆነ ማወቃቸው ነው። እንግዲህ ወገኑ በየቀኑ፣ በየመንገዱ፣ በየቤቱ የሚነበብበት ልጅ ስንት ይጎድልበታል? ጉዳቱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ ሊሆን የሚችል ልጅ ራሱን አሳንሶ ሲያድግ አገሩ አብራ ትጎዳለች።

ምክሮቹን ላለመቀበል

እነዚህን ምክሮች እምቢ ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። በመስታወቱ ጸጉርዎን ያበጥሩ፣ ጥርስዎን ይዩ፤ ስለ ዋጋዎ ግን አይጠይቁት። ፎቶ ሲያነሡ ስልኩን አርቀው ይያዙ፣ ወይም ወዳጅ ያንሣዎት። ለልጅዎ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ሲችል ይንገሩት። ከአያትዎ አጠገብ ቁጭ ብለው የአገሩን ታሪክ ይቅዱ፤ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ይህንኑ ያዝዙ።

ቡና ሲፈላ ደግሞ እስከዛሬ ያልተጠራውን ጎረቤት በስሙ ይጥሩት። ከእርስዎ ጎን ያስቀምጡት፤ ከረከቦቱ ላይ ካሉት ስኒዎች አንዱን ይስጡት። አንዳንድ ዘመድ ሊያጉረመርም ይችላል፤ ያጉረምርም። የካፋ ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ሼኮችና ፓስተሮች ይህን በየቤታቸው ቢጀምሩት ሌላው ሰው ይከተላቸዋል፤ ሰው የሚያከብረውን ሰው አይቶ ነውና የሚለወጠው። የግድግዳውን መስታወት መተው እንችላለን። ከሰው ዓይን ግን ማንም አያመልጥም፤ እያንዳንዳችንም ለሌላው ዓይን ነን። ስለዚህ ሰውን በሙሉ ቁመቱ ማየት የሁላችንም ግዴታ ነው፤ ዛሬውኑ ከገዛ ቤታችን ልንጀምረው ይገባል።