የመምህሩ ቶን፣ የተማሪው ኪስ፦ ቅድመ ጥናት

ጀማሪ ጊታሪስት የመምህሩን ቶን አለማግኘቱ ሊያስጨንቀው ይገባል ወይ? ጥያቄው እስካሁን በምሁራን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ትኩረት የሰጡት የሙዚቃ መሣሪያ ሻጮች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም «አዎ፣ በጣም!» ብለው ፋይሉን ዘግተውታል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ከየትኛውም ሻጭ ድጋፍ አልተደረገለትም፤ ተጠይቀው ነበር።

ለናሙናነት የተመረጠው አንድ ተማሪ ነው፤ ከዚህ በኋላ «ተማሪ ሀ» እየተባለ ይጠራል። ናሙናው አነሰ የሚል ቢኖር፣ ጊታር የጀመረ ሰው ሁሉ ይኸው ስለሆነ ሁለተኛ መጨመር ወጪ ማብዛት ነው። ተማሪ ሀ ሲ እና ጂ ኮርድ ይይዛል። ኤፍ ላይ ሲደርስ ትከሻው ይነሣል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ዘፈኑም ሁሉም ጣት ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ እንቅልፍ የሚነሣው ኤፍ አይደለም። የመምህሩ ድምፅ «ሞቅ ያለ» ሆኖ የእሱ «ቆርቆሮ ቆርቆሮ» ማለቱ ነው።

ሕመሙ ደረጃ በደረጃ ይጸናል። መጀመሪያ የሚከሰሰው ክሩ ነው። መምህሩ 10 ቁጥር ክር እንደሚጠቀሙ በሰማበት ምሽት ተማሪ ሀ 9 ቁጥሩን ፈትቶ ጣለ። እነዚህ ቁጥሮች የቀጭኑን ክር ውፍረት በኢንች ሺህኛ የሚገልጹ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.025 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ተማሪው ግን ለውጡ ወዲያው ተሰማው። ጣቱም ምስክርነቱን ሰጥቷል፤ ቆስሏል። ከክር ቀጥሎ ፔዳል ይመጣል። ሪቨርብ የሚባለው ፔዳል ድምፅን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የገባ ያስመስለዋል። የተሳተ ኖታ በዚህ መንገድ አይታረምም፤ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማል እንጂ።

ቀደምት ሥራዎችን ስንቃኝ የሚከተለውን እናገኛለን። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1964 የሚያጓራ ድምፅ ያገኘው የአምፑን ስፒከር በምላጭ ተልትሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም የተቀደደ ስፒከር ድምፅ የሚያወጣ ፔዳል ለመሥራትና ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፤ ምላጭ ግን ዛሬም ርካሽ ነው። ብራያን ሜይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ጊታሩን እቤት መሥራት ጀመረ፤ አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ጠረበ፤ በፒክ ፋንታም የ6 ፔንስ ሳንቲም ይጠቀማል። አጥኚው ይህን ለተማሪ ሀ የነገረው ባለህ ነገር መጫወት ይቻላል ለማለት ነበር። ተማሪ ሀ የእንግሊዝ ሳንቲም ቦሌ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ቶኒ አዮሚ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቆርጦበት፣ ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠርቶ፣ ቀጫጭን ክር አስሮ ነው የተጫወተው። የዚህን ሰው ቶን ሳያጓድል መቅዳት የሚሻ ተማሪ እስከ ምን ድረስ መሄድ እንዳለበት ጥናቱ አስተያየት ከመስጠት ይቆጠባል።

ለመሆኑ የመምህሩ ቶን ከየት መጣ? እሳቸውም በወጣትነታቸው የሌላ ሰው ቶን ሲያሳድዱ ነበር። ያሳደዱትንም የሰሙት ከካሴት ነው፤ ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ፣ ቴፑ ደግሞ ድንጋዩ ሊያልቅ የደረሰ። ድንጋይ ሲያልቅ ካሴት ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። እንግዲህ ዛሬ «ሞቅ ያለ» እየተባለ የሚደነቀው ድምፅ ምንጩ በጊዜው ያልተቀየረ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ ወርቁ ራሱ የሌላ ሰው ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አበው አልተናገሩም።

የአገር ውስጥ ልምድም መታየት አለበት። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው፣ ክሩም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ የአባቱን እጅ እያየ ያደገ አዝማሪ «ይሄ ጭራ የየትኛው ፈረስ ነው?» ብሎ ጨዋታ አላቋረጠም። ትዝታም ቢሆን ከአምስት ድምፆች የሚሠራ ቅኝት ነው፤ አምስቱም ያለ ክፍያ ለሁሉም ታድለዋል። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በአይቤክስ እና በሮሃ ባንድ ሲጫወት ቆሞ የሚያዳምጠው ሰው እንባው የመጣው በኬብሉ ጥራት አልነበረም።

በምልከታ ወቅት አንድ ነገር ተስተውሏል። መምህሩ አንዲት ሐረግ ሲጫወቱ ቀኝ እጃቸው ቦታ ይቀይራል፤ ወደ ብሪጁ ሲጠጋ ድምፁ ይሰላል፣ ወደ አንገቱ ሲሄድ ይለሰልሳል። ግራ ጣታቸው ፍሬቱ ሥር ተለጥፎ ያርፋል፤ ስለዚህ ክሩ አይንጫረርም። ክሩን ይዘው ትንሽ ያንቀጠቅጡታል፣ ከዚያ ይለቁትና ዝም ይላሉ። ተማሪ ሀ ይህን ሁሉ አላየም፤ የአምፑን ቁልፎች ፎቶ እያነሣ ነበር። ቁልፎቹን እቤቱ እንደ ፎቶው አስተካክሎ ውጤቱ ያው ሆነበት። የመምህሩ ክፍል ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ አለው፤ የእሱ ክፍል ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው። አምፑም መሬት ላይ ተቀምጦ የሚዘፍነው ለቁርጭምጭሚቱ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ጊታሩ አልተቃኘም። መቃኛው ስልኩ ላይ በነፃ የሚጫን ቢሆንም፣ ምናልባት ነፃ ስለሆነ እምነት አልጣለበትም።

ስለዚህ ይጨነቅ ወይስ አይጨነቅ? ይጨነቅ፤ ግን በቅደም ተከተል። ቅኝቱ ይቅደም፣ ኤፍ ይከተል፣ ቶን ተራው ሲደርስ ይጠራል። አጥኚው ይህን ግኝት በጽሑፍ አቀረበ፤ ተማሪ ሀ አንብቦ በጨዋነት አመሰገነና ስለ ፔዳል ቀጠለ።

በመጨረሻ የማያዳግም ሙከራ ተደረገ። መምህሩ የተማሪ ሀን ጊታር ተቀብለው ቃኙት፤ በእሱ ክር፣ በእሱ ፒክ፣ በዚያው ቆርቆሮ ነው በተባለ አምፕ ተጫወቱ። የወጣው ድምፅ የራሳቸው ነበር፤ ሙቀቱ አልጎደለም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተማሪ ሀ ጊታሩን አየ፣ አምፑን አየ፣ ከዚያም ዓይኑን ቀስ ብሎ ወደ ታች አወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄ የተቀመጡበት ወንበር ከየት ነው የተገዛው?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ የአከራዬ ነው።»

ተማሪ ሀ አከራይቱ በስንት ሰዓት ቤት እንደሚገኙ ጠየቀ።