«በሞቴ» የማይበግረው ጌታ

ዘንድሮ በዚህ ቤት የሚከበር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገና ጥርስ አላወጣም። እኔ ሰባን ተሻግሬ፣ ወልጄ ድሬ፣ ወጡ ጨው አንሶታል ብል የሚሰማኝ የለም። ጌታው ግን ከንፈሩን ገጠም ያደረገ እንደሆነ ቤቱ ይሸበራል። እናቱ ስልኳን ትጎረጉራለች፣ አባቱ ከቢሮ እየደወለ «ቀመሰ?» ይላል፣ አክስቱ ከሜሪላንድ በቪዲዮ ብቅ ትላለች፤ እዚያ ሌሊት ነው እኮ! እኔ ደግሞ ማንኪያ ይዤ ተገትሬ እቀራለሁ። የልጅ ልጄ ነው፣ ያሳድግልኝ፤ ቢሆንም አምቄው አልሞትም፣ ልናገር።

መጀመሪያ «ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውሃም አይቅመስ» ተባልን። እሺ አልን። በእኛ ዘመን አራስ ልጅ ዓይኑን በቅጡ ሳይገልጥ ቅቤ ይልስ ነበር፤ ሆዱን ሲቆርጠው አብሽ ጠብ ይደረግለታል። ዛሬ ይህን ጤና ጣቢያ ያወራሁ እንደሆነ ሲስተር ፊቷን ታጠቁራለች። ቅቤውም ውሃውም ተቅማጥ ይዞበት ይገባል፣ የጡቱንም ቦታ ይሻማል ነው የምትለው። ደግ። ታዲያ ስድስት ወሩ በሞላ ማግስት ያቺው ሲስተር ነገሩን ገለበጠችው። ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን ስንቅ እያለቀ ስለሆነ ጡት ብቻውን አይበቃውም፣ ምግብ ጀምሩለት፤ ጡቱን ደግሞ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዳታስጥሉት አለች። ትናንት ውሃ የተከለከለ ሰው ዛሬ ጉበት ታዘዘለትና አረፈው።

«ለመጀመር ምን ይገዛ?» ሲባል እኔ አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ጭን ይበቃዋል ብዬ ነበር። ማን ሰምቶኝ! ድዱን የማይጎዳ የሲሊኮን ማንኪያ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሳህን መጣ። ፊት ለፊቱ ኪስ ያለው የደረት ልብስ መጣ፤ የሚተፋውን ያጠራቅምበታል። ቀበቶ ያለው ረጅም ወንበርም መጣና ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተተከለ፤ የእኔ በርጩማ በር ሥር ሄደ። ጌታው እዚያ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ሲያየኝ ለፍርድ የተሰየመ ዳኛ ነው የሚመስለው፤ ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው።

ካሮት ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ ቀረበ፤ ውድቅ። ድንች በእናቱ ወተት ለስልሶ ቀረበ፤ ውድቅ። አቮካዶ፣ ኪሎው ስንት ሆኖ የተገዛ አቮካዶ፣ ግማሹ ፊቱ ላይ፣ ግማሹ እኔ ላይ ተቀብቶ ቀረ። በምላሱ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ከዚያ ደግሞ ያፈጥብኛል። ሲስተር «ጠልቶት አይደለም እማማ፤ ጡት ሲጠባ የለመደው ምላሱን ወደ ፊት ማውጣት ነው፤ ምግብ ወደ ኋላ ወስዶ መዋጥን ገና እየተማረ ነው» ትላለች። መማሩንስ ይማር፤ ደብተሩ ግን የእኔ ነጠላ መሆን ነበረበት?

ጎመን የቀረበለት ዕለት እንደ ሰው ተንገፈገፈ። ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ ጣፋጭ ይወዳል፣ መራራ ይጠረጥራል አሉ። እሱ ይሁን። ግን ደግሞ እናት በእርግዝናዋና በምታጠባበት ጊዜ የምትበላው ምግብ ጣዕሙ በእንሽርት ውሃውና በወተቷ በኩል ለልጁ ይደርሰዋል፣ አስቀድሞም ያለማምደዋል ሲባል ብሰማ ዘወር ብዬ ልጄን አየኋት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ፒዛ አምሮኝ፣ ጥብስ አምሮኝ ስትል የከረመች ሴት! ጎመን በየት በኩል ይድረሰው?

ደግሞ ድንጋጤው! የሆነ ቀን ገንፎው ውስጥ ጓል አጋጠመውና «ኧክ» አለ። እናቱ ጮኸች፣ አባቱ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ሶፋውን ገለበጠ። ሲስተር ኋላ ስትነግረን፣ ድምፅ እያሰማ ቢያቅለሸልሸውና ቢያስለው ራሱን እየተከላከለ ነው፤ የሚያስፈራው ድምፅ አጥቶ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው አለች። ያን ቀን ድምፅ ያጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ለእኔ ግን ማንም ቁልፍ አልፈለገም።

አሁን ወደ ገንፎ እንምጣ፤ ተሟግቼ የረታሁበት እሱ ነውና። ልጄ ምጥኑን አሳምራ አዘጋጅታለች፤ ጤፍ፣ ገብስና አጃው በዛ፣ ሽንብራና ምስሩ አነስ ብሎ ተቆልቶ ተፈጭቷል። ሲበስል ግን በብሌንደር መትታ፣ በውሃ አቅጥና በጡጦ ልትሰጠው ትሻለች። ሲስተር ይህን ስትሰማ ማንኪያ አነሣችና ዘቅዘቅ አደረገችው። «ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ከሆነ ውሃ ነው፤ ማንኪያው ላይ የሚቆም ይሁን» አለች። ምክንያትም አላት። የሕፃን ሆድ በአንድ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው የሚይዘው፤ 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ መሆኑ ነው። ያንን በቀጭን አጥሚት ከሞሉት እህሉ የት ይግባ? እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የስንት አገር ሊቅ አጥንቶ አጥንቶ የደረሰበት ነገር ገንፎ ሆኖ ቁጭ!

ልቤ ሞቅ ቢለው ሌላም ጨመርኩ። ገንፎው ወፍሮ ካስቸገረው ትንሽ የብቅል ዱቄት ጣል ይደረግበትና ይንተክተክ፤ በቅሎ የደረቀ እህል ወፍራሙን ስለሚያላላው ውሃ ሳይጨመር ይለሰልሳል አልኳቸው። ሲስተር «ልክ ነዎት እማማ» አለችኝ። ልጄ ግን እዚያው በሰው ፊት «እማዬ! ለልጄ ጠላ ልትጠምቂለት ነው?» ብላ አዋረደችኝ። ጌሾ የለበት፣ ጥንስስ የለበት! እሷን ራሷን ያሳደጋት ፋፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ እዚሁ አገር መሠራት የጀመረው፣ ስንዴ፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ያለበት ፋፋ። ያለ ወንበርና ያለ ቀበቶ፣ ጭኔ ላይ ተጋድማ ጨርሳዋለች። ዛሬ ስለ ብቅል እኔን ታስተምረኛለች።

ጌታው አፉን የሚከፍተው ምግብ ላልሆነው ሁሉ ነው። የነጠላዬን ጥለት ያኝካል፣ የስልክ ሽፋን ይልሳል፣ የአያቱን ከዘራ ይግጣል። ከምግብም የሚከጅለው የተከለከለውን ነው። ቆሎ ስዘግን ዓይኑ ከእጄ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ቆሎና ያልተፈጨ ለውዝ ግን ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር ነውና ገና ለዓመታት አይደርስበትም። ማርም ዓመት ሳይሞላው ክልክል ነው፤ አዋቂ ሆድ ውስጥ ምንም የማያመጣ ጀርም ሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ ቦቱሊዝም የሚሉት እሱ ነው። ስኳር አይግባበት፣ ጨው አይግባበት። በርበሬማ አይነሣ። እንግዲህ ጨው የሌለው፣ ቁሌት የሌለው ነገር ፊቱ አስቀምጦ «ምነው አልበላ አለ?» ይባላል። እናንተስ ብትሆኑ ትበሉት ነበር?

የሁዳዴውን ጉድ ደግሞ ስሙ። እንቁላል ይብላ፣ ሥጋና ወተትም አይጉደልበት ተባለ። ትክክል ነው፤ ሕፃን አይጾምም። ነገር ግን እንቁላሉ የሚበስልበት ድስት የጾሙን ድስት እንዳይነካ ለእሱ ለብቻው ድስት፣ ጭልፋና መክተፊያ ተለየለት። እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ «የእኔ» የምለው ድስት ኖሮኝ አያውቅም! 55 ቀን ሙሉ የቅቤው ሽታ እየፈተነን የሠራንለትን እሱ አንዴ ልሶ ፊቱን ያዞራል። በፍስክ ቢሆን የተረፈውን እኔ አነሣዋለሁ፤ በጾም ማን ይንካው? የጎረቤት ድመት ፋሲካን ከእኛ ቀድማ በላች።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሕጉን ነው። በእኛ ጊዜ ልጅ እምቢ ካለ መላው ይታወቃል። ጭን ላይ ያጋድሙታል፣ መዳፍን ከከንፈሩ ሥር ደገፍ አድርገው ይግቱታል። እያለቀሰ ይውጣል፣ እያለቀሰ ያድጋል። አሁን ይህ ቀርቷል። ትን ሊለው፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ምግብንም ከለቅሶ ጋር እያያያዘ ይጠላል ነው። «ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የእናንተ ነው፤ መብላቱና መጠኑ የእሱ ነው» አለች ሲስተር። ሲጀምር 2 ወይም 3 ማንኪያ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። እያደር እስከ ግማሽ ኩባያ። 9 ወር ሲሞላው በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ፊቱን ካዞረ ማንሣት፤ አለመቆጣት፤ ካርቱን ከፍቶም አለማታለል። አንዱን ምግብ እስኪለምደው 10 ጊዜም 15 ጊዜም መቅመስ ያስፈልገው ይሆናልና ተስፋ ሳይቆርጡ በሌላ ቀን መልሶ ማቅረብ። በመጨረሻ ደግሞ «አፉን ከዘጋ በቃኝ ማለቱ ነው፤ እመኑት» ብላ ሸኘችን።

እመኑት! በየትኛው አገር ነው በቃኝ የሚታመነው? እዚህ እኮ በቃኝ ያለ ሰው ይጨመርለታል። ሠርግ ቤት፣ ክርስትና ቤት፣ ተዝካር ቤት፣ የሄድኩበት ሁሉ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ንቀሽኝ ነው እንጂ» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሁለተኛውን የዋጠ ሰው ሦስተኛውን ምን ብሎ ይመልሳል? ሐኪም ቅባትና ጨው ቀንሺ ብሎኛል ብዬ ብምል «የዛሬው አይገድልሽም» ነው መልሱ።

ይህንኑ ሙያ ይዤ ጌታው ፊት ቀረብኩ። «በሞቴ፣ የእኔ ጌታ» አልኩት፤ ጣሪያውን አየ። «አያትህ አፈር ትሁንልህ» አልኩት፤ ለሀጩን አዝረበረበ። «እስቲ አባትህ ይሙት፣ አንዴ ብቻ» ስል እናቱ ከጓዳ ብቅ አለችና «እማዬ፣ አታስጨንቂው፤ በቃኝ ብሏል» አለችኝ። ይቺ እኮ ባለፈው እሁድ እኔ «በቃኝ፣ ልጄ» እያልኩ ወጡን በጭልፋ ሳህኔ ላይ ስትገለብጥ የነበረችው ናት! አፍ ያለኝ ሰው ስናገር ያልተሰማው በቃኝ፣ አፍ የሌለው ልጅ ዝም ሲል ተሰማ።

ስለዚህ አቤቱታዬ ይህ ነው። ምክሩ ልክ አይደለም አላልኩም። በየወሩ ሲመዘን ክብደቱ መስመሩን ይዞ እየወጣ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ። ግን ሕጉ ለሁላችን ይሁን። በሚመጣው ወር ሠርግ አለብን። ደጋሹ ጉርሻ ጠቅልሎ ሲመጣ ከንፈሬን ገጠም፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስ ነው የማደርገው። «ምነው፣ ተቀየሙን?» ያለኝ እንደሆነ በሲስተር ቃል እመልስለታለሁ፤ ምን እንደሚቀርብ የእናንተ፣ መጠኑ የእኔ። ካልሰሙኝም እተፋለሁ፤ ኪስ ያለው የደረት ልብስ እንደሆነ ከቤታችን አይጠፋም።

አሁን ልነሣ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ገንፎ ደርሷል፤ እምቢ እንዲለኝ ላቅርብለት።